ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት



የዛሬው ርእስ በአገራችን የሚነገረው በሁለት ዓይነት ድምፅ ነው። አንዱ የዶርም ሹክሹክታ ሲሆን ሌላው የፖስተር መፈክር ነው። ሹክሹክታው ስሕተት ይበዛበታል፤ መፈክሩን ደግሞ ከልቡ የሚያነበው የለም። እኔ ስለ ወባ ወይም ስለ ስኳር በሽታ ስናገር በምጠቀምበት ድምፅ እናገራለሁ። ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ይህን መስማት የሚከብደው ወላጅ ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ድምፄን ግን ዝቅ አላደርግም።

በመጀመሪያ ስለ ማን እንደምንናገር እንስማማ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ኢትዮጵያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሰፊ መሬት በተገኘበት ነው። አጥር አላቸው፤ በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ማታ ይዘጋል። ውስጥ የሚኖሩት በአመዛኙ ከ18 እስከ 23 ዓመት ያሉ ወጣቶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከእናት አባታቸው ቤት ውጭ ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። የደብረ ማርቆሱ ልጅ ጅማ ይመደባል፣ የጎባዋ ልጅ ጎንደር ትሄዳለች። እናት በሶና ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች፣ አባት «ራስሽን ጠብቂ» ብሎ ይመርቃል። በምን እንደምትጠብቅ ግን የሚነግራት የለም።

ይህ ዕድሜ ድሮም ነበር፤ ችግሩ ግን በዚህ መልክ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሲሞላቸው አግብተዋል። ለአያቶቻችን በጉርምስናና በትዳር መካከል የነበረው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር፤ ለብዙዎቹ ሴቶች ጭራሹን አልነበረም። ትምህርት ያንን ጊዜ ዘርግቶታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አካሏ ከደረሰ በኋላ ስምንትና ዐሥር ዓመት ሳታገባ ትኖራለች። ይህ የፈለግነውና የደከምንለት ለውጥ ነው። ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንዳትዳር ስንታገል ግን በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚያስፈልጋት አላሰብንም። ያገባ ሰው የቤተሰብ ምጣኔ ያገኛል፤ ሕፃን ክትባት ያገኛል፤ በመካከል ያለው ወጣት የሚያገኘው ምክር ነው።

«ይህን አገልግሎት ለተማሪ መስጠት ማበረታታት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ስለሚመጣ ገና ከመጀመሪያው ልመልሰው። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምሮ የደረሰበት፣ ስለ ጾታዊ ጤና ማስተማር ወጣቶች ቀድመው ግንኙነት እንዲጀምሩ እንደማያደርግ ነው። የእኛው የ2008 ጥናት ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ይዟል። ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት 35 በመቶ ሲሆኑ፣ ሳያገቡ ግንኙነት ከሚያደርጉት መካከል ግን 55 በመቶዎቹ ይጠቀሙ ነበር። ማለትም ያላገቡት የእኛን ፈቃድ አልጠበቁም። የቀረው ጥያቄ መከላከያውን ከሠለጠነ ባለሙያ ነው የሚያገኙት ወይስ ከጓደኛ ቦርሳ የሚለው ብቻ ነው።

ደግሞም ጥበቃን የመረጠ ተማሪ አለ፤ ብዙም ነው። በግቢ ጉባኤው፣ በጀመዓው፣ በፌሎሺፑ ጸንቶ አራት ዓመቱን የሚጨርስ ወጣት ምርጫው ሊከበርለት ይገባል፤ ጥሩ የጤና ባለሙያም «ይህን ውሳኔሽን አጽኚ» ማለትን ያውቃል። ግን ያችም ልጅ የወር አበባ ሕመም ያሠቃያታል፣ ያም ልጅ ነገ ያገባል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው ሊደፈር ይችላል። ክሊኒኩ የሁሉም ነው።

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር እዚያ አይደለም። ከ1985 ዓ.ም. በፊት መከላከያን ማስተዋወቅ እንኳ በሕግ የተገደበ ነበር፤ የዚያ ዓመት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ገደቡ እንዲነሣ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ካይሮ ላይ የዓለም መንግሥታት ስለ ሥነ ሕዝብና ልማት ተሰብስበው የሥነ ተዋልዶ ጤናን እንደ መብት ተቀበሉ። ስብሰባው ነሐሴ 30 ቀን 1986 ተጀምሮ መስከረም 3 ቀን 1987 ስላለቀ፣ የኛ ልዑካን እንቁጣጣሽን እዚያው ነው ያሳለፉት። ዛሬ በመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። 18 ዓመት የሞላው ሰው የጋብቻ ወረቀት ማሳየት አይጠበቅበትም፣ የወላጅ ፈቃድም አያስፈልገውም። በወጣቶች ጤና ላይ የጤና ሚኒስቴር ስትራቴጂ በተከታታይ አውጥቷል። ወረቀቱ አለ፤ መድኃኒቱም በአብዛኛው አለ።

የጎደለው ሰዓቱና በሩ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን ለማስረዳት ነው።

ሰዓቱን እንመልከት። አንድ ጥንድ ተማሪዎች አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ያለ መከላከያ ግንኙነት አደረጉ እንበል፤ ወይም ኮንዶም ተቀደደባቸው። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ የሚባለው ሌቮኖርጀስትረል፣ እናንተ ተማሪዎች በተለመደው የገበያ ስሙ ፖስትፒል የምትሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት። የተማሪዎች ክሊኒክ መደበኛ አገልግሎቱን የሚጀምረው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ እስከዚያ 58 ሰዓት ተኩል አልፏል። የቀረው 13 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ላይ ሰኞ ጠዋት ሌክቸር አለ፣ ወረፋ አለ፣ ካርድ ክፍል አለ። መድኃኒቱ ደግሞ እስከ 72ኛው ሰዓት እኩል ኃይል ያለው አይደለም፤ በፍጥነት በተወሰደ መጠን ይበልጥ ይሠራል፣ በዘገየ መጠን ይደክማል።

ይህ የሚሆነው በአሠራሩ ምክንያት ነው፤ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ከብዙ ወሬ ይድናል። ሌቮኖርጀስትረል በዋናነት የሚያደርገው እንቁላል ከእንቁልጢ የምትወጣበትን ቀን ማዘግየት ነው። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሏ ከዘገየች ዘሩ ሳያገኛት ይሞታል። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች ግን መድኃኒቱ ብዙም አይረዳም። ሰዓቱ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። ፖስትፒል ፅንስ አያስወርድም፤ ቀድሞ ያረገዘች ሴት ብትወስደው እርግዝናዋን አያቋርጥም፣ ፅንሱንም አይጎዳም። መካን አያደርግም። ከአባላዘር በሽታ ግን ፈጽሞ አይከላከልም። ትናንት የዋጠችው ደግሞ ለነገው ግንኙነት አይሆናትም።

በግቢዎቻችን ፖስትፒል ከድንገተኛ መድኃኒትነት ወጥቶ እንደ መደበኛ መከላከያ ሲወሰድ ይታያል። ባልደረቦቼ በዚህ ተማሪዎችን ይቆጣሉ። እኔ ግን ልጅቱ ለምን እንደመረጠችው ይገባኛል። ከከተማው መድኃኒት ቤት ስትገዛ ስሟን የሚጽፍ የለም፣ ካርድ አይወጣም፣ «አግብተሻል?» የሚላት የለም፤ ግዥው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክሊኒኩ ከዚያ የተሻለ መድኃኒት አለው፣ መድኃኒት ቤቱ ግን ከክሊኒኩ የተሻለ በር አለው። ልጅቱ የመረጠችው በሩን ነው።

የተሻለው መድኃኒት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በክንድ ቆዳ ሥር የምትቀመጠው ባለ አንድ ዘንግ ኢምፕላኖን ሦስት ዓመት ትከላከላለች። ጃዴል የሚባለው ባለ ሁለት ዘንጉ አምስት ዓመት ይሠራል። ሉፕ የምንለው በማኅፀን የሚቀመጠው መዳብ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ ከግንኙነቱ በኋላ እስከ አምስት ቀን ድረስ ከገባ ደግሞ ከፖስትፒል በጣም የበለጠ የድንገተኛ መከላከያ እሱ ነው። በየሦስት ወሩ የሚወሰደው መርፌም አለ። ስለ መርፌው አንድ እውነት አለ፣ ካልተነገረ ለወሬ በር ይከፍታል፦ መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊወስድባት ይችላል፣ ዓመት ሊጠጋም ይችላል። ይህ መዘግየት ነው እንጂ መካንነት አይደለም። ኢምፕላኖንና ሉፕ ግን ሲወጡ የመውለድ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል። «ማኅፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ መነሻው የመርፌው መዘግየት ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን ማስገባት ሠልጥነዋል። በሩቅ ቀበሌ ያለች ገበሬ እናት ከጤና ኬላዋ የምታገኘውን አገልግሎት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሴት ተማሪዎች ባሉበት ግቢ፣ ሐኪምና ነርስ በሚያስተምር ተቋም ውስጥ ተማሪዋ ስታጣው «ሪፈር» ተጽፎላት ታክሲ ተሳፍራ ከተማ ትሄዳለች። ለዚህ ምክንያት ሆኖ የሚቀርብልኝ በጀት ነው። የአንዲት ነርስ ሥልጠና ግን ለምረቃ በዓል ከሚወጣው ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ያ 72 ሰዓት የሚሠራው ለእርግዝና ብቻ አይደለም። አንዲት ተማሪ ብትደፈር የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት፣ ባለሙያዎች ፔፕ የሚሉት፣ መጀመር ያለበት በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ እጅግ ይሻላል፤ ከዚያም 28 ቀን ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። ከሁለቱ በተጨማሪ የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ የጉበት ቫይረስ ክትባት፣ የማስረጃ ምርመራ አለ። ሰኞን የሚጠብቅ አንዱም የለም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ስፍራ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ ተጎጂዋ ታሪኳን ለአራት ሰው በአራት ቢሮ እንዳትደግም ተብሎ የተቋቋመ ነው። በየክልሉ ከተሞችም መሰል ማዕከላት ተከፍተዋል። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀርበው የት እንደሆነ ፕሮክተሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የአምቡላንስ ሹፌሩ ማወቅ አለባቸው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚገኙት እነሱ ናቸውና።

በተማሪ ክሊኒክ ያገለገሉ ባልደረቦቼ የሚነግሩኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት የሚደርስባት የፍሬሽ ተማሪ መሆኗንና ጥቃት አድራሹም ከጫካ የወጣ እንግዳ አለመሆኑን ነው። ምዝገባዋን ያገዛት፣ ዶርሟን ያሳያት ሲኒየር ይሆናል፤ «ነይ ሃንድአውት ልስጥሽ» ያላት ይሆናል። አንዳንዴም ማርክ የሚሰጥ መምህር ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ቃል አላባክንም። ተማሪን በውጤቷ የሚያስፈራራ መምህር የሥነ ምግባር ችግር ያለበት ተብሎ ምክር የሚሰጠው ሰው አይደለም፤ ወንጀለኛ ነው። ጉዳዩም በትምህርት ክፍል ስብሰባ በሽምግልና የሚያልቅ ሊሆን አይገባም።

የተደፈረችው ተማሪ ካረገዘችስ? የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እጅግ በጠበበ የሕክምና ምክንያት ብቻ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 አሰፋው፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ ከሆነ፤ የእናቲቱ ወይም የፅንሱ ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፤ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፤ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ከሆነ። አንዳንድ የፍሬሽ ተማሪዎች 18 ዓመት እንዳልሞላቸው አስታውሱ። አንቀጽ 552 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ይደነግጋል፦ በመደፈር ላረገዘች ሴት ቃሏ በቂ ነው። የፖሊስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልጋትም። ወረቀት አምጪ ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ሕጉን ወይ አላነበበም ወይ አውቆ እየጣሰው ነው።

በዚህ ሕግ የማይስማማ ሰው በአዳራሹ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እምነታችሁን አልነካም። ሕጉ ምን እንዳመጣ ግን በቁጥር ማየት ይቻላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ይካሄዳሉ ተብለው ከተገመቱት ፅንስ ማቋረጦች በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተፈጸሙት 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. 53 በመቶ ደረሱ። በዚያ ዓመትም ቀሪው ግማሽ ያህል ይካሄድ የነበረው ከዚህ ውጭ ነው፤ ተማሪዎቻችንም እዚያ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ከማንም እምነት ጋር የማይጋጨውን ልናገር። ከማንኛውም ፅንስ መቋረጥ በኋላ፣ በራሱ የወረደም ይሁን ሆን ተብሎ የተቋረጠ፣ በሕግም ይሁን ከሕግ ውጭ፣ ሕክምና የማግኘት መብት ያለ ቅድመ ሁኔታ የሁሉም ነው። አንዲት ልጅ በተከታታይ ሁለት ሰዓት በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየች፣ የዶርም ጓደኞቿ እስኪነጋ መጠበቅ የለባቸውም። «ትታወቃለች» በሚል ፍርሃት ጓደኛን አልጋ ላይ መደበቅ ጓደኛን መግደል ነው።

ወንዶቹ እስካሁን ዝም ብላችሁ ስትሰሙ ቆይታችኋል፤ ይህ አገልግሎት የሴት ብቻ ይመስላችኋል። ሽንት ሲሸና ማቃጠል፣ ከብልት መግል መውጣት፤ ይህ ጨብጥ ሊሆን ይችላል። የምታደርጉትንም አውቃለሁ፤ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ «ሲፕሮ ስጠኝ» ትላላችሁ። የጨብጥ ተህዋሲ ሲፕሮን ከለመደው ቆይቷል፤ ዛሬ ሕክምናው የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። በዚያ ላይ ከጨብጥ ጋር ክላሚዲያ የሚባል ሌላ ተህዋሲ ብዙ ጊዜ አብሮ ይገኛል፤ እሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። የልጁ ሕመም በክኒን ጠፋ ሲባል የልጅቱ በዝምታ ወደ ማኅፀን ቱቦ ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላ አግብታ መውለድ ያቅታታል። በየጸበሉና በየሐኪሙ የምትንከራተት መካን የተባለች ሴት ታሪኳ ምናልባት የጀመረው አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብቻውን በታከመበት ቀን ነው። የአባላዘር በሽታ ሕክምና የሁለት ሰው ነው። ለፍቅር ጓደኛው መናገር የከበደው ክሊኒኩ በማን ምክንያት እንደሆነ ሳይገልጽ እንዲጠራት ሊጠይቅ ይችላል።

ስለ ኤችአይቪ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማክለው አንድ ነገር ነው። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። የዛሬ ተማሪዎች የተወለዱት ከዚያ በኋላ ወይም ወደዚያው ገደማ ነው። ጎረቤታቸው በኤድስ ከስቶ ሲሞት አላዩም፤ የኛን ፍርሃት ስለሌላቸው ደግሞ ልንወቅሳቸው አንችልም። በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች ስለ ኤችአይቪ የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው 24 በመቶ ሴቶችና 39 በመቶ ወንዶች ብቻ ነበሩ። በከተማ የስርጭቱ መጠን ከገጠር ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥም ያው ጥናት አሳይቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከገጠር የመጣን ልጅ ወደ ከተማ የሚያስገባ በር ነው። በአንጻሩ ደስ የሚል ዜና አለ። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። እነዚያ ልጆች አድገው ግቢ ገብተዋል። ይህ ክትባት ደርሷቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት እነሱ ናቸው።

ስለ ሞዴስ ደግሞ ሁለት ቃል። ገንዘብ ሲያጥራት ሞዴስ ወይስ ሃንድአውት የምትለው ተማሪ ጥቂት አይደለችም። መቀሌ ላይ የሚታጠብና ተመልሶ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርተውን ማርያም ሰባ ፋብሪካን ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተመርጣለች። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ30 ወደ 10 በመቶ አወረደ። ጥሩ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ለሞዴስ ማስወገጃ የሚሆን ቆሻሻ መጣያና ውኃ የሌለው መጸዳጃ ቤት እየሠሩ ለምን ሴት ተማሪ ክፍል ቀረች ብለው ይገረማሉ።

ወደ በሩ ልመለስ። አንዳንድ ግቢዎች የወጣቶች ክፍል ከፍተዋል፤ ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ላይ በትልቁ «የሥነ ተዋልዶ ጤናና የአባላዘር ክፍል» ብለው ይጽፉበታል፤ ክፍሉም የሚገኘው ወደ ካፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በዚያ ጽሑፍ ሥር የምትገባ ልጅ ከዘጠና ተማሪዎች ፊት ነው የምትገባው። ከዚያ «ተጠቃሚ የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፣ ባለሙያዋም ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። ሠሌዳውን ነቅላችሁ «ክፍል 7» በሉት፤ የራስ ምታትም የቁርጠትም ታካሚ በዚያው በር ይግባ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም።

ቀጥሎ ካርዱ። ምስጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከሐኪም አይደለም፤ ከካርድ ክፍል፣ ከላቦራቶሪ መስኮት፣ ስም ጮክ ብሎ ከሚጠራ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ፣ ጥበቃው ጭምር፣ የምስጢር ጥበቃ ቃል መፈረምና መሠልጠን አለበት። ስለ ወላጆችም ልናገር፤ አዎ፣ እናንተን። አንድ አባት ደውሎ የልጁን ካርድ ቢጠይቅ፣ ልጁ 18 ዓመት ከሞላት መልሱ «አይቻልም» ነው። የላከው፣ የከፈለው፣ የወለደውም እሱ ቢሆን። ይህን ስትሰሙ እንደምትቆጡ አውቃለሁ፤ ልጃችሁ ክሊኒክ ከመሄድ ይልቅ ከሰፈር አስወራጅ ጋር እንድትሄድ የሚያደርጋት ግን «ለወላጆቼ ይነግሩብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

ሦስተኛው የሰንበቱ ጉዳይ ነው። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ በሙሉ አቅሙ ይሥራ አልልም። አንዲት ተረኛ ነርስ፣ ፖስትፒልና የፔፕ መጀመሪያ መጠን ያለበት አንድ ሣጥን፣ የተጎጂ ማዕከሉ ስልክ የተጻፈበት አንድ ወረቀት፣ አንድ አምቡላንስ። ኮንዶም ደግሞ ከነርስ እጅ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ በወንዶችም በሴቶችም መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ የሚቆጥረው ሰው አይኑር። ከኮንዶም ሣጥን አጠገብ ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጥ ሠራተኛ ካለ ሣጥኑ እንደሌለ ቁጠሩት።

በአዳራሹ ያላችሁ የቦርድ አባላትና የዩኒቨርሲቲ አመራሮች፣ ከእናንተ አዲስ ስትራቴጂ አልጠይቅም፤ ስትራቴጂ አልጎደለንም። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ «ባለፈው ሰንበት ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ?» የሚል አንድ ጥያቄ ለክሊኒኩ ኃላፊ አቅርቡ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። መምህራን፣ የሴት ተማሪን ድንገተኛ ሐኪም ቤት መሄድ ወረቀት አምጪ ብላችሁ አታጣሩ። ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ የሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የት እንደሆነ ሳያስፈልጋችሁ በፊት ዕወቁ፣ አንድ ጓደኛችሁ ሲያስፈልገው አብራችሁት ሂዱ፣ ወሬውንም እዚያው ጨርሱት።

አሁን ጊዜው የጥያቄ ነው። አስተባባሪዎቹ ቁራጭ ወረቀት ያድላሉ። የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም።